በኦርቪል ደጅ የቆመው ዛፍ

ሎየል ሃውገን ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱን ቀብሯል፣ አንድ ጉልበቱን በብረት አስቀይሯል፣ ከአይብ ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። ተወልዶ ባደገባት በሃርሎ ከተማ፣ አባቱ ትቶለት በሄደው ቤት ይኖራል። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ እንደሱ ያለ ሽማግሌ ሞልቷል። አባቶቻቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሰው በጥድፊያ የወለዷቸው ልጆች ዛሬ ሁሉም አንድ ላይ አርጅተው፣ ዳቦ ቤት ተሰብስበው “በእኛ ጊዜ” ሲሉ ይውላሉ። ሎየልም ይላል። ከአንድ ነገር በቀር ሁሉንም ያወራል።

የሚያወራው ስላደጉበት መንገድ ነው። ግራና ቀኝ የተሰለፉት የኤልም ዛፎች ከላይ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተያይዘው መንገዱን ጣራ አልብሰውት ነበር። ዝናብ ሲጀምር ልጆቹ ሳይበሰብሱ ሌላ አሥር ደቂቃ ይጫወታሉ። እናቶች ማንንም አይጣሩም፤ የመንገዱ መብራት ሲበራ ሁሉም ወደየቤቱ ይሮጣል፤ የዘገየ በማግስቱ ብስክሌቱን አያያትም። ከሎየል ቤት ፊት የቆመው ኤልም ደግሞ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ለሦስት ይከፈላል፤ እዚያ መሐል አንድ ልጅ ልክክ ብሎ የሚቀመጥባት ጎድጓዳ ነበረች። የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦውን ይዞ ይወጣባታል። እህቱ ማርሊስ ከታች ሆና “ውረድ አንተ ጦጣ፣ እማዬ ትጠራሃለች” ትለዋለች። እማዬ አልጠራችውም፤ ቦታውን ፈልጋ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው የኤልም በሽታ ሃርሎ ገባ። አባቱ ኦርቪል የከተማው ዛፍ ተቆጣጣሪ ስለነበር፣ የታመመውን እየለየ ግንዱን በቀይ ቀለም መክበብ የሱ ሥራ ሆነ። ከሳምንት በኋላ ቆራጮቹ ይመጡና ቀይ ያለበትን ይጥላሉ። ኦርቪል ለቄሱም ለአማቱም አላዳላም። አንድ የሰኔ ቀን ከራሱ ደጅ ያለውን ቀና ብሎ ቢያይ፣ ጫፉ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ አምጥቶ ግንዱን ከበበው።

“አባዬ፣ ይሄን ተወው” አለ ሎየል።

“ታሟል።”

“አንዷ ቅርንጫፍ ብቻ ናት እኮ።”

“ሥሮቻቸው ከመሬት በታች ተያይዘዋል ልጄ። አንዱን ከተውን ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።”

ልጅ ይህን የት ይሰማል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቤተሰቡ ምሳውን በልቶ ሸለብ ሲያደርግ፣ የመኪና ቤቱ በር ሲቀባ የተረፈውን ቡናማ ቀለም አውጥቶ ቀዩን ክብ ሸፈነው። ቆራጮቹ መጡ፤ ቀይ አላዩም፤ አለፉት።

የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል ከግራና ከቀኝ ያሉት ስድስት ዛፎች ቢጫ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት መንገዱ በሙሉ ተቆርጦ አለቀ፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ወረደች፤ ቤቶቹ ሁሉ ልብሳቸውን የተገፈፉ መሰሉ። ያ ዛፍ በጊዜው ቢቆረጥ ኖሮ ሌሎቹ ይተርፉ ነበር ወይ? ማንም አያውቅም፤ በሌሎቹ መንገዶችም አልተረፉም። ሎየል ይህን ለራሱ ሺ ጊዜ ነግሮታል፤ ራሱ ግን አልሰማ አለው።

ከዛፎቹ ይልቅ የከፋው የሰው አፍ ነበር። “የኦርቪል ቀለም የራሱ ደጅ ሲደርስ ታልቃለች” ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ጀመረ፤ ከተማው ተቀበለው። ኦርቪልን ከዛፍ ሥራ አንስተው በረዶ ጠራጊ መኪና ላይ መደቡት። አንድም ቀን መልስ አልሰጠም። ልጁም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው። የሎየል ዝምታ ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሲነቅዝ ኖሯል።

ኤልሞቹ ከተቆረጡ በኋላ ከተማው ያ በሽታ የማይነካውን አሽ የሚባል ዛፍ ችግኝ አደለ። ኦርቪል ጉድጓድ ቆፈረ። “ቀጥ አድርገህ ያዝ” አለው ሎየልን፤ “ልቀቀው እስክልህ እንዳትለቅ።” አፈሩን መልሶ ረገጠና ውሃ ሊያመጣ ሄደ። መንገድ ላይ ጎረቤት ያዘው፤ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ልጁ እንደቆመ ነው።

“እስካሁን ይዘኸዋል?”

“ልቀቀው አላልከኝም።”

አባትየው ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። “በል ልቀቀው፤ በራሱ ይቆማል” አለ።

በራሱ ቆመ፤ ስልሳ ዓመት። ከዚያ አሽን የሚበላ ትል መጣ። እንግዲህ ምን ይባላል? ባለፈው መኸር ከከተማው የተላኩ ሰዎች ይቆረጥ ሲሉ ግንዱ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አደረጉበት። በመጋቢት ግን ግንደ ቆርቁር የሚባለው ወፍ ትሉን ፍለጋ ቅርፊቱን ሲልጠው ሰነበተና፣ አንድ ጠዋት ሎየል በረዶው ላይ አንድ የወደቀ ቅርፊት አገኘ። አረንጓዴው ነጥብ ያለው እሱ ላይ ነው። ግንዱን ቢያይ ምንም ምልክት የለም። በዚህኛው ዙር ቡናማውን ቀለም ይዞ የመጣው እግዜር ራሱ መሰለው። ቅርፊቱን ካፖርቱ ኪስ ከተተው።

እሑድ ማርሊስ ከአሪዞና ስትደውል፣ ስለ ቅርፊቱ ጀምሮ ሳያስበው የቡናማውን ቀለም ነገር ዘረገፈላት። እሷ ግን አልደነገጠችም።

“እና ዛሬ ነው የምትነግረኝ?” አለች። “ያን ቀን እራት ላይ ጆሮህ ቡናማ ነበር፣ አንተ ጅል።”

“አባዬ አይቷል?”

“ላምባ የነካ ጨርቅ አቀብሎህ የለም እንዴ?”

“የብስክሌት ግራሶ ነው ብዬዋለሁ።”

“ሰኞ ጠዋት ቀዩን ቆርቆሮ ይዞ ሲወጣ በመስኮት አይቼዋለሁ። ዛፉ ሥር ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመና መልሶ አስገባው። ሲገባ ማየቴን አወቀ። ‘ማወቄን ለሎየል እንዳትነግሪው፤ ልጅ ነው፤ አይችለውም’ አለኝ።”

ሎየል ስልኩን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ለአባቱ ሲቆረቆር የኖረው በሐሰት ታማ ብሎ ነበር። ለካ ሰው ያለው እውነት ነው፤ ኦርቪል አድልቷል፤ ያደላውም ለልጁ ነው። አሁን ይቅርታ ይጠይቅ ወይስ ያመስግን? ማንን?

ማክሰኞ ቆራጮቹ መጡ። አለቃቸው ኬንድራ የምትባል ወጣት ናት። አረንጓዴ ያለባቸውን እየጣሉ መጥተው ከሎየል ደጅ ሲደርሱ አለፉ። የመንገዱ ማዕዘን ላይ ያሉት ሁለት አሾች ገና ጤነኞች ናቸው። ሎየል በረንዳው ላይ ቆሞ መኪናቸው ሁለት ቤት እስኪያልፍ አየ። ከዚያ በዚያ የብረት ጉልበቱ ተከተላቸው።

“አንዱን ዘለላችሁት።”

“የቱን?”

“ያን።”

“ምልክት የለውም እኮ አባባ።”

ቅርፊቱን ከኪሱ አወጣው። ኬንድራ ወስዳ ከተላጠው ግንድ ጋር ገጠመችው፤ ልክክ አለ።

“ሰው ሁሉ ዛፌን አትንኩ እያለ ይሰድበናል” አለች። “እርስዎ ምን ሆነው ነው?”

“አባቴ ነው የተከለው።”

“ታዲያ ለምን ጠሩን?”

ሎየል ማዕዘኑ ላይ ወዳሉት ሁለት አሾች አመለከተ። “አንዱን ከተውን ሁሉንም ይዞ ይሄዳል” አለ።

ከቆራጮቹ አንዱ መጋዙን አስነሳ። የሎየል መዳፍ ግን ግንዱ ላይ ነበር፤ መቼ እንዳሳረፈው አላስተዋለም። ኬንድራ በመጋዙ ድምፅ መሐል ጠጋ አለችው።

“አባባ፣ ይልቀቁትና ወደ በረንዳው ይሂዱ።”

አልሰማትም።

“አባባ፣ ይልቀቁት።”

ለቀቀው። እጁን የት እንደሚያደርገው ግን አላወቀም።