ጋሽ መቀስና የሚንኮሻኮሸው ሸራ

ሻይ ቤታችን እንደሚያወራው ከሆነ፣ ፀጉር አስተካካያችን ጋሽ መቀስ በነፋስ ለምትሄደው ጀልባቸው የሚንኮሻኮሽ ሸራ የገዙት የሚስታቸውን ጭቅጭቅ ላለመስማት ነው። ወሬው ጠረጴዛ በተሻገረ ቁጥር እየወፈረ ሄዶ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ለጆሯቸውም አንድ ሸራ አሰፍተዋል ተባለ።

ለኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ጀልባዋን አውቃታለኋ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው "ይማርህ" የሚልበት ቦታ የማያገኝባት ጀልባ ናት፤ እዚያ ውስጥ ከሚስቱ መሸሽ የፈለገ ሰው ያለው ምርጫ ውሃ ነው። ደግሞም መሪውን የሚይዙት ባለቤታቸው ናቸው። በስልከኝነት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የከተማውን ሰው እርስ በርሱ ሲያገናኙ ስለኖሩ፣ ከጀልባዋ ጫፍ ሆነው "ገመዱን ላላ አድርገው። ጭንቅላትህን። ሌላኛውን ገመድ፣ አንተ ሰውዬ" ሲሉ ከሐይቁ ማዶ ያለ ሰው ሳይቀር ጎንበስ ይላል።

ችግሩ የመጣው ከዓይናቸው ነው። ጀልባ ወደ ነፋሱ አብዝታ ስትዞር የሸራው የፊት ጠርዝ ይርገበገባል፤ መሪ የያዘ ሰው እሱን አይቶ ነው የሚመልሳት። ሴትዮዋ ያንን ጠርዝ ማየት ተሳናቸው። ባለፈው የጀልባ ውድድር በጣም ከመዘግየታቸው የተነሳ ዳኛው ጢም አብቅሎ ጠበቃቸው፤ ጋሽ መቀስም እዚያው ላጩት። ሚስትየው ግን አልሳቁም። "ከእንግዲህ አንተው ያዘው" ብለው መሪውን ለቀቁና፣ ከዚያ ወዲህ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ተሳፋሪ ዝም ብለው መቀመጥ ጀመሩ።

አሮጌው ሸራ ሲቀደድ ባልና ሚስቱ ሸራ ሰፊዋ ዘንድ ሄዱ። የነገረችኝም እሷው ናት። ወለሉ ላይ ሁለት ጨርቅ ዘረጋችላቸው።

"ጋሼ፣ ለሽርሽር ይሄ ለስላሳው ነው፤ እንደ አንሶላ ይታጠፋል፣ ዕድሜም አለው። ያኛው የውድድር ነው። ይፈጥናል፤ ግን ከታጠፈ ይሰነጠቃል፣ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው።"

"ለስላሳውን" አሉ ሚስትየው። "ከማን ጋር ልንሽቀዳደም ነው፣ ከዳክዬ ጋር?"

"ቆይ" አሉ ጋሽ መቀስ። "ልጄ፣ እስቲ ሁለቱንም አርገብግቢልን። አንቺ ዓይንሽን ጨፍኚ።"

"ተገልጦስ ምን ሠራልኝ" ብለው ጨፈኑ።

መጀመሪያ ለስላሳው ተርገበገበ። ሴትዮዋ ጆሯቸውን አዘንብለው ቆዩና፣ "ይጠራል፣ አይነሳም" አሉ። ቀጥሎ የውድድሩ ተንኮሻኮሸ። "እህ፣ ይሄ መስመር ላይ ነው።" ሸራ ሰፊዋ ጠርዙን ብቻ በስሱ ነካ አደረገችው። የሴትዮዋ ቀኝ እጅ ሳያውቁት የሌለውን መሪ ወደ ደረታቸው ሳበ።

ጋሽ መቀስ የሚስታቸውን እጅ አዩት።

"ይሄኛውን" አሉ።

"ጋሼ፣ ቶሎ ያረጃል።"

"እኛስ?"

በቀጣዩ ውድድር ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጡ። መሪው የሴትዮዋ እጅ ላይ ነበር፤ "ጭንቅላትህን" የሚለው ድምፃቸው ሻይ ቤታችን ድረስ መጥቶ ብርጭቆ አስጨበጠን። ወሬኞቹ "ይኸው፣ አላልንም?" ተባባሉ። እኔም ጢሜን ልላጭ ሄጄ በዚያው ጠየቅኳቸው።

"ጋሽ መቀስ፣ ሸራውን የገዙት ጭቅጭቅ ላለመስማት ነው ይላሉ።"

ምላጩን ከአንገቴ ላይ አንስተው በመስታወቱ አዩኝ።

"ውሸት ነው። ዝም ብላብኝ ነበር እኮ። የገዛሁት መልሳ እንድትጨቀጭቀኝ ነው።"