ሽማግሌዎቹን ወደ በረዶው ያወጣኋቸው ቀን

ሰኔ ሲገባ ቤቴ ሰም ሰም ይሸታል። የሻማ ሰም አይደለም። ባለቤቴ እንድሪስ ጋራዡ ውስጥ ስኪውን ሁለት በርጩማ ላይ አጋድሞ፣ በካውያ ሰም እያቀለጠ ሆዱን ይቀባዋል። እዚህ አገር በሰኔ በረዶ ይጥላል፤ እላዩ ላይ ሲንሸራተት እንዲፈጥንለት ነው። ካውያው የእኔ ነበር። የልጆቹን ዩኒፎርም የምተኩስበት ካውያ እንደሆነ እያወቀ ዝም ብሎ ሲወስድብኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን ነጭ ሻሼ ላይ ቢጫ ሰም ሲያትምብኝ ነቃሁ። ሌላ ገዛሁ። አሁን ሜልበርን ዳር፣ ዋይንድሃም ቬል ባለው ቤታችን የሰው ካውያና የስኪ ካውያ ተለያይተው ይኖራሉ።

ሰኔ እኛ አገር ገበሬ ማረሻውን የሚያሰናዳበት ወር ነው። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት፣ ፂሙ ነጭ ሆኖ፣ ስኪ ያሰናዳል። ሴት ልጄ ሐያት ስልክ ደውላ ብሶቴን ስትሰማ፣ «ማም፣ ሪላክስ» ትለኛለች። እንዴት ብዬ ሪላክስ ልሁን? ዘንድሮም ያ ሰም ሲሸተኝ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለሁ ነገሩን በሽማግሌ እጨርሳለሁ ብዬ የሞከርኩበት ቀን ትዝ አለኝና ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሳ።

እንድሪስ ከእኔ ቀድሞ ነው እዚህ አገር የመጣው። የመጀመሪያውን ክረምት ከሜልበርን ርቆ ባለ ተራራ ላይ፣ አንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ ሳህን ሲያጥብ አሳለፈ። ወጥ ቤት የሚሠሩት ልጆች ሥራ ሲፈቱ አሮጌ ስኪ እግሩ ላይ አስረው ይወስዱት ነበር። ወድቆ ወድቆ ለመደ። እንደ ደህና ሰው ከላይ ወደ ታች መንሸራተቱን ብቻ ለምዶ ቢሆን ምን ነበረበት! ተራራው ላይ «ፓርክ» የሚሉት ቦታ አለ። ፓርክ ሲለኝ እኔ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ነበር የመሰለኝ። በረዶውን እንደ ጉብታ ይቆልሉታል፤ ጎረምሶች ከላይ እየተንደረደሩ መጥተው ከጉብታው ጫፍ ወደ ሰማይ ይወረወራሉ፤ አየር ላይ ይሽከረከሩና አንዳንዴ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ያርፋሉ። ራቅ ብሎ ደግሞ የደረጃ መደገፊያ የሚመስል ረጅም ብረት ተተክሏል፤ በስኪ እላዩ ላይ ዘለው ወጥተው በጎን ይንሸራተቱበታል። ጤነኛ ሰው የሚሸሸውን ነገር ሁሉ ሰብስበው አንድ ቦታ አኑረውታል።

ያን ጊዜ ሜድስቶን የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። ሐያት ትንሽ ናት፣ ቢላል ጡት ይጠባል። እንድሪስ ዶሮ ፋብሪካ በካዡዋል ይሠራል፤ ያልሠራበት ቀን አይከፈለውም። ክረምት ላይ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ከጨለማ ተነስቶ ወደ ተራራው ይነዳል። እኔ ዝም ብሎ የሚንሸራተት መስሎኝ ሻይ በፔርሙስ እየሞላሁ እሸኘው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አንድ እሑድ እጁን በጀሶ አሳስሮ መጣ።

«ምን ሆንክ?»

«ተንሸራተትኩ» አለኝ። ውሸት አልነበረም። ግን ከየት ተነስቶ ወዴት እንደተንሸራተተ ቀስ በቀስ ነው ያወጣጣሁት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ክርክር ብቻ ሆነ። እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ እሱ ደግሞ «ቴክኒክ»፣ «ባላንስ» እያለ ያደክመኛል።

«ዘሀራ፣ ሰው እኮ መኪና ውስጥም ይሞታል።»

«መኪናው ሥራ ያደርስሃል። ያ ብረት የት ያደርስሃል?»

«የትም።»

«አርባ ዓመት ሊሞላህ ነው እኮ!»

«ለዚህ ነው የምቸኩለው» ብሎ ይስቃል። ይሄ ሳቁ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ። ሌሊት ሌሊት አንገቱ ተሰብሮ፣ ሁለት ልጆች ይዤ፣ ቋንቋውን በቅጡ በማላውቀው አገር ስቀር እየታየኝ እገላበጣለሁ።

በእኛ ወግ የባልና የሚስት ቃል ሲያልቅ ወደ ሽማግሌ ይኬዳል። እኔም ልጄን አዝዬ የአገራችን ሰው ሱቅ ወደሚበዛበት ወደ ፉትስክሬይ ወረድኩ። የወሎ ሰው በጠቅላላ የሚያከብራቸው ሼህ ሰይድ በልጃቸው ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ጋሼ ይመር አሉ፤ ትልቅ ታክሲ የሚነዱ፣ ቀልድ የማያጡ ሰው። ባሌን እንዲመክሩልኝ መጥቻለሁ ስላቸው ሁለቱም ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ጫት ነው?» አሉ ጋሼ ይመር።

«አይደለም።»

«ቁማር ጀመረ?»

«ኧረ አይደለም።»

ሼህ ሰይድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሌላ ሴት አለች እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«የለችም ሼህ። ይዘላል።»

«ምን ይዘላል?»

«በረዶ።»

ሁለቱ ተያዩ። ጋሼ ይመር ሳቃቸውን በከዘራቸው እጀታ ሊደብቁ ሞከሩ። የቻልኩትን ያህል አስረዳኋቸው፤ ጉብታውን በእጄ፣ ብረቱን በጃንጥላዬ አሳየኋቸው። ሼህ ሰይድ ግን፣ «እኛ ያላየነውን አንፈርድም» አሉ። ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ በዓይናቸው ካዩት በቁጣ ያስቆሙታል ብዬ ነበር። እንዴት ያለ ሞኝነት!

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ በጋሼ ይመር ታክሲ ወጣን። ልጆቹን ጎረቤት ተውኳቸው። ለመንገድ ድፎ ዳቦ፣ ጭኮና ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ ይዤ ነበር። እንድሪስ ጥፋተኛ ሆኖ የሚወሰድ ሰው አይመስልም፤ ስኪውን ጣራው ላይ አስሮ ከፊት ተቀምጦ መንገድ ያሳያል። ከከተማው ስንርቅ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ በየአጥሩ በግ። ሽማግሌዎቹ ክሴን ረስተው በግ መገመት ጀመሩ።

«ያ ላቱ የከበደው ለአረፋ ነበር» ይላሉ ሼህ ሰይድ።

«እዚህ አገር በግ ላት የለውም ሼህ፣ ያዩት ጸጉሩን ነው» ይላሉ ጋሼ ይመር።

ተራራው ሥር ስንደርስ ጎማው ላይ ሰንሰለት ካልታሰረ ማለፍ አይቻልም ተባልን። ጋሼ ይመር እየተንበረከኩ፣ «መኪና የሚታሰርበት አገር! እንድሪስን አስሩልኝ ነው ያልሽን ዘሀራ፣ እኔ ታክሲዬን አሳሰርኩ» እያሉ ሰንሰለቱን ገጠሙ።

ላይ ስንደርስ ሼህ ሰይድ ከመኪናው ወርደው ቆሙ። በሕይወታቸው በረዶ አይተው አያውቁም። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት፣ ቆንጥረው አፋቸው ውስጥ አደረጉት፣ «ሱብሃነላህ» አሉ። ያን ጊዜ ነው ነገሬ እየተበላሸ መሆኑን የጠረጠርኩት።

ፓርኩ ጫፍ ላይ ገመድ ተወጥሮ ተመልካች የሚቆምበት ቦታ አለ። እዚያ የሚዘሉት ሁሉ ሱሪያቸው የሰፋ፣ ጢም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው። በመሀላቸው የእኔ ባል። «አንክል!» እያሉ ይጠሩታል፤ ተራቸውን ይለቁለታል። ሽማግሌ ፊት እንኳ ለአንድ ቀን ይታቀባል ብዬ ነበር። ከላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘልንና መጣ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። የበረዶው ሽውታ መጣ፣ ከዚያ ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ ጧ ብሎ አረፈ፤ ልጆቹ የስኪ ዘንጋቸውን እያጋጩ ጮሁ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ግን አጠገቤ ነበር።

«ማሻአላህ! ዞረ እኮ! ሼህ፣ አየር ላይ ዞረ!» ጋሼ ይመር ኮፍያቸውን ወርውረዋል።

«ጋሼ ይመር፣ እርስዎ ዳኛ ነዎት!» አልኳቸው።

«ዳኛስ ዓይን የለውም እንዴ?»

ሁለተኛው ላይ ብረቱን ሞከረ። ግማሽ ላይ እግሩ ከዳውና በጎኑ ወደቀ። እኔ ገመዱን አልፌ ልሮጥ ስል በረዶው ጉልበቴ ድረስ ዋጠኝ፤ እዚያው ተተክዬ ቀረሁ። እሱ ተነስቶ በረዶውን ከሱሪው አራግፎ፣ እኔን ጎትቶ አወጣኝ። ልጆቹ ለእኔም አጨበጨቡልኝ። ከንዴቴ የተነሣ ማልቀስ ፈለግሁ፤ ብርዱ ግን እንባዬን እንኳ አላወጣልኝም።

ሸንጎው ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ አንድ ትሪ ቺፕስ መሀል ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሁላችንም ካልሲያችን ርሷል። ሼህ ሰይድ፣ «እንድሪስ፣ ለምንድን ነው?» አሉት። እንደ ልጅ መሬት መሬት እያየ፣ «ሼህ፣ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ነው የምውል። ቀና የምለው እዚህ ብቻ ነው» አለ።

«ቤትህም ጣራ አለው፣ ቀና ብለህ እየው! ያፈሳል እኮ!» አልኩ። ጋሼ ይመር በቺፕሱ ትን አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ወደ መስኮቱ ሄደው ተመካከሩ። ሲመለሱ ሼህ ሰይድ እንዲህ አሉ። «ዘሀራ፣ ሥጋትሽ የእናት ሥጋት ነው፣ እውነት ነው። እንድሪስ፣ ጉልበት አማና፣ የአላህ አደራ ነው፤ የተሰጠህ ለሱጁድ ነው። ጉልበትህ መሬት ወርዶ ግንባርህ እስከተደፋ ድረስ አንከለክልህም። ጉልበትህ እምቢ ብሎ ወንበር ላይ የሰገድህ ቀን ግን፣ ያን ቀን ስኪውን ትሰቅላለህ። ተቀበልህ?»

«ተቀበልኩ። ቃሌ ነው።»

«ሼህ፣ ከተሰበረ በኋላ መተዉ ለእኔ ምን ይረባኛል?» አልኩ። ሁለቱም እጃቸውን ወደ ቺፕሱ ሲሰዱ፣ እኔ ቀጠልኩ። «እሺ ጉብታው ይሁን፣ ብረቱን እንኳ ይተውልኝ።»

«ብረቱማ መሬት ላይ የተተከለ ነው ልጄ፣ እሱ ይሻላል» አሉ ሼህ ሰይድ።

«ኧረ እሱ ነው የባሰው!»

«ዘሀራ» አሉ ጋሼ ይመር፣ «ፍርዱ ተሰጥቷል፣ ቺፕሱም ይቀዘቅዛል።»

ስንመለስ ሽማግሌዎቹ እየተጋገዙ ዝላዩን ሲያወሩ፣ እኔ ጭኮዬን ጣዕሙ ሳይታወቀኝ አኘክሁ። አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ። በፋብሪካው ሲሚንቶ ላይ የቆመ ሰው ጉልበቱ ብዙ አይቆይም፤ ሁለት ሦስት ክረምት ቢሆን ነው፣ ወንበሩ ይመጣል አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ባሌ ሲሰግድ ከኋላው ሆኜ ጉልበቱን አዳምጥ ጀመር።

እሱም ነገሩ ገብቶታል። ጠዋት ጠዋት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ተደግፎ ቁጭ ብድግ ይላል። ሥጋ ቀነሰ። ሰላቱን አንድም ሳያሳልፍ፣ ግዴታ ያልሆነውን ሱና ሁሉ ጨምሮ፣ ሱጁዱን አርዝሞ ይሰግዳል፤ ሲነሳ እጁን እንኳ መሬት አያስነካም። ሰዉ «ባልሽ እንዴት ያለ ሷሊህ፣ አላህን ፈሪ ሰው ነው» ይለኛል። ባሌ ሰገደብኝ ብዬ ለማን እከሳለሁ? ሼህ ሰይድም ሞቱ፣ አላህ ይዘንላቸው፤ ፍርዱን የሚያሻሽልልኝ ሰው አብሯቸው ሄደ።

አልዋሽም፣ እሱም አርጅቷል። ትልቁን ጉብታ ትቶ ትንሹን ይዟል። በረዶ አዲስ የጣለበትን ቀን ይመርጣል፤ ሲወድቅ እንዲለሰልስለት ነው። እኩለ ቀን ላይ ይበቃኛል ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ሁለት ቀን ጨው በተበተነበት ሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከሶፋ ሲነሳ የሚያቃስተውን ማቃሰት እኔ እንዳልሰማ ቴሌቪዥኑን ያስጮኻል። ያኔ «አንክል» ይሉት የነበሩት ልጆች ጉልበታቸው እያለቀ አንድ በአንድ ትተውታል። እሱ ብቻ አለ።

ባለፈው ክረምት ሐኪም ቤት የሄድኩት ግን እኔ ነኝ። የሰው ቢሮ ወለል ተንበርክኬ ሳጸዳ የኖርኩ ሴት ነኝ። በጉልበትሽ አጥንቶች መሀል ያለው ልስላሴ አልቋል፣ መንበርከክ ይቅርብሽ አሉኝ። ቢላል ከግራ ከቀኝ መደገፊያ ያለው ጥሩ ወንበር ገዝቶ አመጣልኝ። ደረጃ በጥንቃቄ የወረድኩት፣ እርጥብ ነገር ባየሁ ቁጥር የዞርኩት፣ በዕድሜ ልኬ ከአንድ በርጩማ በላይ ዘልዬ የማላውቀው እኔ፣ ወንበር ላይ ሰገድኩ።

ይሄን ለጋሼ ይመር በስልክ ስነግራቸው፣ ዘጠናን ተጠግተው እንኳ ያ ሳቃቸው አልለቀቃቸውም። «እንግዲህ ፍርድ ፍርድ ነው ዘሀራ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስኪ ትተሻል» አሉኝ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ልዘጋው ምንም አልቀረኝ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ አብረን ሰገድን። እሱ ከፊት መሬት ላይ፣ እኔ ከኋላ ወንበሬ ላይ። እንደ ልማዴ ጆሮዬን ጣልኩ። ወረደ፣ ግንባሩን ደፋ፣ ቆየ፣ ተነሳ። ምንም አልሰማሁም። ቀጥሎ እኔ ወንበሩን ተደግፌ ልነሳ ስል ጉልበቴ ቀጭ አለ፤ እሱ ዞር ሳይል ትከሻው ብቻ ሲደነግጥ አየሁት።

ጨርሰን ሻይ ሳቀርብለት ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን አየ። «ትተወዋለህ እንዴ?» አልኩት፣ ዛሬስ ልቡ ራርቶ እንደሆን ብዬ።

«ነገ አዲስ በረዶ ይጥላል ብለዋል» አለኝ።

ፔርሙሱን አውርጄ ማጠብ ጀመርኩ። ቅርንፉዱን አበዛለታለሁ። ከዚያ መንገዱን የሚያሳየው መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።