አልኮል ብቻ የጠጣው ሽንኩርት

አባቴ ቦዲቲ ገበያ ሽንኩርት ይነግዳል። ጆንያ ሲገዛ ላይ ላዩን አይቶ አያምንም፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከታች ያወጣል። «ከላይ ያለው ለዓይን ነው» ይላል። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሶዶ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት ስሠራ ግን አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

የምሠራው ከአንድ ቁንጥር ጨው በማይበልጥ ነጭ ዱቄት ነበር። ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ ሴል ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባና አንዱን ፕሮቲን ያግደዋል ይባላል። ፕሮቲኑ ሲታገድ ምን እንደሚጎድል በማየት ሥራው ምን እንደነበረ ይታወቃል። ከቤት አንድ ሰው አንድ ቀን ሲቀር የማን ሥራ ምን እንደነበረ እንደሚታወቀው ማለት ነው። ዱቄቱ ማንንም አያድንም፤ እኛ የምንፈልገው ሴሉን ለመጠየቅ ነው።

ዱቄቱን የምሞክርባቸውን ሽንኩርቶች የላከልኝ አባቴ ነው፤ አንድ በአንድ መርጦ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ። ብርጭቆ አፍ ላይ እያስቀመጥኩ ሥር አስወጣኋቸው። ለግማሾቹ ዱቄቱን፣ ለግማሾቹ ንጹሕ ውሃ ሰጠሁ። ዱቄቱ በውሃ አልሟሟም ሲለኝ አልኮል ጨመርኩበት፤ አሁንም እምቢ ሲል ደገምኩት። በሦስተኛው ቀን ውሃ የጠጡት ሥራቸው እንደ ሽማግሌ ጺም ተንዠርግጓል፤ ዱቄቱን የጠጡት ግን ሥራቸው ባለበት ቀርቷል። የታገደው ፕሮቲን ሥር የሚያሳድገው ነው ብዬ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደግሜ ሠራሁ፣ ያው ሆነ። ለአባቴ ስነግረው በዚያው ቀን ለገበያው ሁሉ አወራ። ጥናቴን በመምህራን ፊት ለማቀርብበት ዲፌንስ ሁለት ጎረቤቶቹን ይዞ ሊመጣም ቀጠሮ ያዘ።

ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው፣ ፎቶዎቼን ሲያዩ ቆዩና፣ «አልኮል ብቻ የጠጣው ሽንኩርት የታለ?» አሉኝ።

«የለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ያቆመው ዱቄቱ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ተናደድኩባቸው፤ የተናደድኩት በራሴ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ሳቁና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ለማንም አልተናገሩም።

ሦስት ሽንኩርት ቀርቶኝ ነበር። ያንኑ ያህል አልኮል ያለ ዱቄት ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን የእነሱም ሥር ባለበት ቆሞ አገኘሁት። ዱቄቱ ሠርቶ ይሆናል፣ ላይሠራም ይችላል። እኔ ያረጋገጥኩት አልኮል ሽንኩርት እንደሚጎዳ ብቻ ነበር፤ ያን ለማወቅ ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም።

ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ ሁለት ቀን ራሴን ሳባብል ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ሦስቱን ሽንኩርቶች ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። «ዲፌንሱ ይተላለፋል፤ ዱቄቱ ለአንድ ሙከራ ይበቃል፣ ድገሚው» አሉኝ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። ይህ ብዙም አላስጨነቀኝም። የፈራሁት አባቴን ነው።

ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ከኋላው የገበያው ጫጫታ ይሰማል። ጎረቤቶቹን አሁን ምን ሊላቸው ነው ብዬ አፈርኩ።

«ስንት ሽንኩርት ይበቃሻል?» አለኝ።

በማግስቱ ከመናኸሪያ ጆንያ ተቀበልኩ። ስከፍተው ትልቁም ትንሹም፣ ልጣጩ የተገፈፈውም ተደባልቆበታል። እንደ በፊቱ አልተመረጠም። ተቀይሞኝ መሰለኝ፤ ወዲያው ደወልኩለት።

«የበፊቱን ልጄ ስለሆንሽ ላይ ላዩን መርጬ ነው የላክሁልሽ» አለኝ። «አሁን ከታችም አለበት።»