ሦስት ቦታ የጫንኩት የስህተት መዝገብ

ድሮም አፌ ይቀድመኛል። እናቴ «ይቺ ልጅ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ትጨርሳለች» ትል ነበር፤ እንግዳ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያደግኩት ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ነው። አባቴ ከደጋ መጥቶ ሄሉ የሚባለው ሰፈር የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፍቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ናይሮቢ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ ከተማው «ፉንዲ» ብሎ ተቀበለኝ። ፉንዲ ባለሙያ ማለት ነው፤ ቧንቧ ጠጋኙም፣ ልብስ ሰፊውም ፉንዲ ነው። የማን ፕሪንተር ወረቀት አኘከ? ፉንዲ ትጠራ! እኔም የማውቀውንም የማላውቀውንም «ቀላል ነው» እያልኩ እሄዳለሁ፤ የማላውቀውን ቤቴ ገብቼ ተምሬ እመለሳለሁ። ብዙ ጊዜ ያዋጣኝ ነበር፣ ያጠገበኝም እሱ ነው።

ድርቁ በጠናበት ዓመት ለሰፈሮቹ ውሃ በቦቴ የሚያከፋፍል አንድ ኮሚቴ ነበር። ናይሮቢ ያሉ ልጆች የሠሩለት ፕሮግራም ነበረው። ሰፈሮቹ ጥያቄያቸውን በስልክ መልእክት ይልካሉ፣ ፕሮግራሙ የቀኑን ተራ አውጥቶ ያትማል፣ ቦቴዎቹ በታተመው ወረቀት ይሄዳሉ። ፕሮግራሙ አዲስ ስለነበር ስህተት አያጣውም። ስህተት ያየ ለአንዱ ይደውላል፣ ያ ይረሳል፣ ሌላው እንደገና ይደውላል፣ መጯጯህ ብቻ። ስለዚህ በድረ ገጽ የሚሠራ የስህተት መመዝገቢያ እንድጭንላቸው ጠሩኝ። ስህተት ያገኘ ሰው ይጽፋል፣ መዝገቡ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የሚመለከተው አይቶ ያስተካክላል፣ ሲስተካከል ይዘጋል። «ቀላል ነው» አልኩ፣ እንደ ልማዴ።

ኮምፒውተሮቹ ሦስት ነበሩ። ሄሉ ቢሮ ሊቀመንበሩ ጋ ዊንዶውስ ያለው። አስተባባሪው በቦርሳው ይዞት የሚዞር ማክ። ሦስተኛው ኦዳ፣ ቦቴዎቹ ውሃ የሚቀዱበት ግቢ ውስጥ፣ በእርዳታ የመጣ አሮጌ፣ ሊኑክስ የተጫነበት። እንዲህ ያለ መዝገብ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚጫነው። ሌላው ሰው ባለበት ሆኖ በኢንተርኔት ከፍቶ ያያል፤ መዝገቡ አንድ፣ አንባቢው ብዙ። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ዛሬ እንዴት በቀለለኝ!

ግን ማን ጋ ይቀመጥ? ሊቀመንበሩ «እኔ እያለሁ መዝገቡ ሌላ ቤት ያድራል እንዴ?» አሉ። አስተባባሪው «ከናይሮቢ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ፣ እኔ ጋ ነው እንጂ» አለ። የኦዳው ተቆጣጣሪ የቀኑን ዝርዝር እያተሙ ቦቴዎቹን የሚያሰማሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጎዶማ የሚባለው ሰፈር ሰው፤ ሁሉም «ምዜ»፣ አባባ እንደማለት፣ ነው የሚላቸው። ኮምፒውተሩን በነጠላ ጫፋቸው አቧራውን ጠረጉልኝና ወንበር ሳቡልኝ፣ በቃ። እኛ ጋ ሦስት ሰው ተቀምጦ ለአንዱ ብቻ ሻይ አይቀዳም። ይሉኝታ ያዘኝ። አንዱን አክብሬ ሌላውን ላስቀይም? ለሦስቱም ጫንኩላቸው። ሦስት የተለያየ መዝገብ፣ አንዱ የሌላውን የማያውቅ። በኋላ አገናኛቸዋለሁ አልኩ ለራሴ።

ሄሉ ላይ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ ሁሉ ነገር ተጠቅልሎ የመጣ ነው፣ «ቀጥል፣ ቀጥል» ማለት ብቻ። ማኩ አንድ ቀን ወሰደብኝ። ኦዳ ግን አራት ቀን አንገላታኝ። ገጹን የሚያቀርበው ሰርቨር ለብቻ፣ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ለብቻ፣ እያንዳንዱን በጽሑፍ ትእዛዝ ማስገባት ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ሊኑክስ የማውቀው በወሬ ነው። አንዱን ትእዛዝ ስጽፍ «ፈቃድ የለሽም» ይለኛል። ሌላውን ስጽፍ ያው። በአራተኛው ቀን ለሁሉም ሰው ሁሉንም ፈቅጄ ተገላገልኩ፤ ሙያዬን እዩልኝ እንግዲህ!

አራቱንም ቀን ምዜ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ጎዶማ ላይ ሁለት ሰው ከተጣላ የሚዳኘው እሳቸው ጋ ነው፤ አፋቸው የታመነ፣ ረጋ ያሉ ሰው። የኮምፒውተር ቁልፍ ግን ነክተው አያውቁም። ፊደሎቹን አሳየኋቸው፤ በአንድ ጣት፣ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ፣ እየፈለጉ ይነካሉ። ሳላስጨርሳቸው እኔ ልጻፍልዎ እላለሁ፣ እሳቸው «ተይኝ ልጄ፣ ይገባኛል» ይላሉ። ስሄድ እንዲህ አልኳቸው፦ «ምዜ፣ ከእንግዲህ ስልክ መደወል የለም፣ ሰው መላክም የለም። ስህተት ሲያዩ እዚህ ይጻፉ። ቁጥር ከሰጠዎ ታየ ማለት ነው።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ።

ሊቀመንበሩ ሥራውን ሲረከቡኝ «አሁን ሦስታችንም አንድ ነገር ነው የምናየው?» ብለው ጠየቁኝ። ገጹ ቀለሙም መልኩም ሦስቱም ጋ አንድ ነው። «አዎ» አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ እያወቅኩ ነው።

ከዚያ ሌላ ሥራ፣ ሌላ «ቀላል ነው»። ማገናኘቱ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ ቀረ።

ፕሮግራሙ አንድ መጥፎ ስህተት ነበረበት። የቀኑ ዝርዝር ከአንድ ገጽ ካለፈ የመጨረሻው መስመር አይታተምም። ስክሪኑ ላይ አለ፣ ወረቀቱ ላይ የለም። የመጨረሻው መስመር ደግሞ ጎዶማ ነበር፣ መጨረሻ የተመዘገበው እሱ ስለሆነ። ድርቁ ሲብስ ጠያቂው በዛ፣ ዝርዝሩም ሁለተኛ ገጽ ገባ። የኮሚቴው ሕግ ጥብቅ ነው፤ ከዚህ በፊት ዘመድ ለዘመድ አደላ ተብሎ ብዙ ጠብ ተነሥቶ ስለነበር ወረቀት ላይ የሌለ ሰፈር ቦቴ አይሄድለትም፣ በእስክሪብቶ የተጨመረም አይቆጠርም። ሌላ ሰፈር ቢሆን ምዜ ምናልባት ይሟገቱለት ነበር። የራሳቸው ሰፈር ሆነና ጭራሽ እጃቸውን ሰበሰቡ። ለወገኑ አዳላ ከሚባሉ ሞታቸውን ይመርጣሉ። እንደታዘዙት ጻፉ፣ መዝገቡም ቁጥር ሰጣቸው፣ ጠበቁ።

በዚያ መሀል አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ነበርኩ፣ ሞተሩ እንኳ አልጠፋም። «ልጄ፣ ጽፌያለሁ» አሉኝ። «እሺ ምዜ፣ ይታያል!» ብዬ ሄድኩ። ወርጄ ምን ጻፉ ብላቸው ምን ነበረበት? አሁን አሁን ሳስበው ፊቴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሦስት ሳምንት ጎዶማ ቦቴ አላየም። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ሌላ ሰፈር ድረስ እየሄዱ ይለምኑ ነበር። ፍየል አለቀ። ሰው ለሊቀመንበሩ አቤት አለ፣ ሊቀመንበሩ መዝገባቸውን ከፈቱ፣ ባዶ ነው። አስተባባሪው የራሱን ከፈተ፣ ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ደህና ከሆነ እንግዲህ ጥፋቱ የተቆጣጣሪው ነው ተባለ። ጎዶማ ላይ የተወራው ደግሞ የከፋ ነበር፤ የገዛ ሰፈራችን ሰው ተራችንን ለሌላ ሸጠብን አሉ። ለባራዛ፣ ለሕዝብ ስብሰባ ማለት ነው፣ ተጠሩ። ሊቀመንበሩ ደወሉልኝ፦ «ምዜው ጽፌያለሁ ይላል፣ እኛ የምናየው የለም። ኦዳ ሄደሽ አይተሽ ከእሱ ጋር ነይ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ገብቶኛል።

ኦዳ ስደርስ ኮምፒውተሩን ከፍተው እየጠበቁኝ ነበር። ሰባት ጽሑፍ፣ በስዋሂሊ፣ ሰባቱም ቁጥር ያላቸው። «ሰላም ልጄ፣ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና? ዛሬም የመጨረሻው መስመር አልታተመም። ዝርዝሩ አንድ ገጽ ሲሆን ይታተማል፣ ሁለተኛ ገጽ ሲገባ ይጠፋል። ሁለቴ ሞክሬ አይቻለሁ።» የስህተቱን ምክንያት ራሳቸው፣ በአንድ ጣታቸው፣ አግኝተውታል። ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ልጄ። ሥራ እንደበዛብሽ አውቃለሁ። አልቆጣም። ግን ፍየሎቹ እያለቁ ነው።»

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሦስት መዝገብ መሆኑን፣ የእሳቸውን ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳላየው፣ አዎ ያልኩትን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ይህን ማን ያውቃል?» አሉኝ።

«እኔና እርስዎ።»

«በይ ነይ፣ ሰው ይጠብቀናል» ብለው ከዘራቸውን አነሡ።

ባራዛው ጎዶማ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። መንገዱን ሙሉ እናገራለሁ፣ ዛሬ ካልተናገርኩ ሰው አይደለሁም እያልኩ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሕዝቡ ፊት «ምዜ፣ ጽፌያለሁ ብለዋል። ጽፈዋል?» አሏቸው። ምዜ ወደ እኔ አላዩም። «የጻፍኩ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ተሳስቻለሁ። እርጅና ነው፣ ረሳሁት።»

ግቢው ተንጫጫ። አንዲት ሴት ፍየሏን እየጠራች ረገመቻቸው። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩና «ፉንዲ፣ መዝገቡ ይሠራል?» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! አፌ የሚቀድመኝ ሴት፣ ያን ቀን አፌ ተሳሰረ፤ ሲፈታ ደግሞ የወጣው «ይሠራል» ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ነገሩ፣ አንዱን ውሸት በሌላ ደገፍኩት። ምዜ በዚያው ቀን ከሥራቸው ወረዱ።

በማግስቱ ሦስቱም ኮምፒውተር አንድ አዲስ፣ ባዶ መዝገብ እንዲያዩ አደረግኩ። ግማሽ ቀን ብቻ ፈጀብኝ። ግማሽ ቀን! ስህተቱን ደግሞ ናይሮቢ እንዲያውቅ መጻፍ ነበረበት። የምዜን ጽሑፍ ወስጄ፣ ሰላምታውን ብቻ አጥፍቼ፣ በራሴ ስም አስገባሁት። ሌላ ምን ልጻፍ፣ ከእሱ የተሻለ የሚያስረዳ ቃል አልነበረኝም። በዚያው ቀን አስተካከሉት፣ ቦቴውም ጎዶማ ገባ። አስተባባሪው እዚያው መዝገቡ ላይ «እንዲህ ጥርት አድርጎ የጻፈልን ሰው የለም፣ እናመሰግናለን» የሚለውን የናይሮቢዎቹን መልስ አሳየኝ። በሽተኛ ነኝ ብዬ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

ጎዶማ የሄድኩት ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ወራት ፈጅቶብኛል። ምዜ ቤት በር ላይ በግመል የተጣሉ ሁለት ሰዎች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር፤ አሳልፈው አስገቡኝ። ተንበርክኬ «በሚቀጥለው ባራዛ ተነሥቼ እውነቱን እናገራለሁ፣ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው።

«የለም፣ አትናገሪም» አሉ።

«ምዜ፣ ሰው እርስዎን...»

«ሰው ይቅር ብሎኛል። የረሳ ሽማግሌ ይቅር ይባላል፤ ሁላቸውም አባት አላቸው፣ የሁሉም አባት ይረሳል። አሁን አንቺ ተነሥተሽ ጽፎ ነበር ብትዪ፣ ያን ቀን ሕዝብ ፊት ዋሸን ይላሉ። የዋሸ ሰው ማንን ያስታርቃል?» በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ። «እነዚህ ነገ አይመጡም። አንድ ጊዜ ስለ አንቺ ብዬ ዋሽቻለሁ ልጄ። ውሸታም አታስብዪኝ።»

«ለምን ዋሹልኝ?» አልኩ፣ በእንባ።

«አንቺ ገና ብዙ ትሠሪያለሽ። እኔ ጨርሻለሁ።» አሉ። ቀጥለው፣ አፍረው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ የጻፍኩት ግን... አጻጻፉ ደህና ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«በጣም ጥሩ ነበር፣ ምዜ።»

«ያነበበው ሰው አለ?»

«ናይሮቢ አነበቡት። በእሱ ነው ያስተካከሉት።»

ፊታቸው በራ። «ምን አሉ?»

«አመሰገኑ» አልኩ። ማንን እንዳመሰገኑ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው።