ገንቦዋን ያስኬዳት እግር

ወሬውን የሰማሁት እሑድ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠዲቁ ተቀምሶ እቃ ሳነሳሳ ነው። ከመዘምራኑ አንዷ፣ እዚሁ በረዶ አገር ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ ስልኳን ይዛ መጣችና የጉለሌ ልጅ አይደሉም ወይ፣ ይህችን ተረት ያውቋት እንደሆን ብላ ጠየቀችኝ። እጄን አደራረቅሁና አየሁ። በቅርቡ ስለሚወጣ ፊልም የሚያስተዋውቅ አጭር ቁራጭ ነው። «እግር ያወጣችው ገንቦ»ን የጻፈልን መምህር እንዴት እንደኖረ፣ ተረቷም ከየት እንደመጣችለት ይተርካል።

በደርግ ጊዜ በሰፈራችን ልጅ ሆኖ ያችን ገንቦ የማያውቅ የለም። ተሰብራ የተጣለች፣ ማንም የማይፈልጋት ገንቦ ናት። አንዲት ሴት ታማ ብቻዋን ስትተኛ ገንቦዋ እግር ታወጣና፣ ሰው ዞር ባለ ቁጥር አንድ አንድ እርምጃ እየሄደች ውሃ ታመጣላታለች። «ዞር ሲሉ አንድ፣ ዞር ሲሉ ሁለት» የሚለውን ገመድ ስንዘል እንኳ እንቆጥርበት ነበር። በኋላ በሬዲዮ ተነበበች፣ መጽሐፍም ሆነች። እኔም ለልጆቼ አንብቤላቸዋለሁ።

በስልኩ ላይ ያየኋት ተዋናይ ነጠላዋን አደግድጋ ገንቦ ታነሳለች፤ ከኋላ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ ተረቷን የወለደችው የመምህሩ እናት ናት ይላል። ልጅቷ «ደስ አይልም እማማ?» አለችኝ። ደስ ይላል አልኳት። ቤቴ ገብቼ ግን ምሳዬን ትቼ ቁራጩን ፈልጌ ደግሜ አየሁት። ገንቦዋን ያስኬደቻት የመምህሩ እናት አልነበረችም። ያስኬደቻትን ሴት አውቃታለሁ፤ እንዳትታወቅ ያደረግኋትም እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ወደ ሰሜን ዘምቷል። እናቴ በክረምቱ መውጫ ከእንጦጦ ማርያም ስትመለስ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንሸራትቶ ጥሏት፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል እግሯ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታስሮ ተመልሳለች። ስለዚህ የቀበሌው ሱቅ ወረፋ በእኔ ላይ ወደቀ። ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ዘይቱም በኩፖን ነበር፤ እቃ መጥቷል የተባለ ቀን ያልደረሰው ሰው እስከሚቀጥለው ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነው። ሰው ንጋት ላይ ድንጋዩን ከመጨረሻው ድንጋይ ኋላ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሁሉም የየራሱን ያውቃል፤ ቀለም የተቀባ አለ፣ ጡብ አለ፣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አለ። ሰልፉ ሲራመድ፣ ያለ ሰው የሌለውን ሰው ድንጋይ በእግሩ ገፋ ያደርግለታል። ደንቡ ይህ ነበር። እቃው ጥቂት የመጣ ዕለት ግን ደንቡ ይረሳል። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ድንጋዬን አስቀምጬ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ድንጋዬ ቦዩ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሁለተኛም ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ቦዩ ዳር ቆሜ ሳለቅስ አንዲት ሸክላ ሠሪ አየችኝ። ከወንዙ ማዶ ትኖር ነበር፤ ድስት፣ ገንቦና ጋን ሠርታ ትሸጣለች። ስለ እሷ የሚወራውን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ያለዚያ ግን ነገሩ አይገባም። ቡዳ ናት ይባል ነበር። ስታልፍ እኛ ልጆች የምንበላውን ከጀርባችን እንደብቃለን። እሷ በሠራችው ድስት ወጥ እየሠራን፣ ከእጇ ቁራሽ መቀበል እንፈራ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ድንጋዬን ማን እንደጣለው ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት የእናቴን መውደቅ ሰምታ ኖሮ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣

«በሚቀጥለው ድንጋይ አታምጪ» አለችኝ። «እኔ የማይነኩትን አስቀምጥልሻለሁ።»

ያስቀመጠችልኝ እሳት ላይ የተሰነጠቀች ገንቦ ናት፤ ገንቦ ካልኳት አንገቷ ብቻ የቀረ። ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ራሷ ከኋላ ቆመች። የሚነካት አልተገኘም። ከፊት ያለው ሰው ራቅ ይላል፣ መሃሉ ክፍት ይሆናል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ክፍት ቦታ ላይ እቆማለሁ፤ ሌላ ሰው ሊቆምበት ስለማይፈልግ ማንም አይቆጣኝም። ሰልፉ በተራመደ ቁጥር ሸክላ ሠሪዋ ከረጅም ቀሚሷ ሥር እግሯን ታወጣና ገንቦዋን ገፋ ታደርጋታለች። ከሩቅ አይታይም። እኔ ግን በቅርብ ነበርኩና አየዋለሁ፤ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ ጭቃ የደረቀበት እግር ነበር።

አንድ ቀን ከፊት የቆመች ሴት ጮክ ብላ፣ «ዛሬ ደግሞ ስኳሩ ለገንቦም ሊታደል ነው መሰለኝ» አለች። ሰው ሳቀ። ሸክላ ሠሪዋ ድምፅዋን እንኳ ሳትለውጥ፣

«ስኳር ምን ያደርግላታል እህቴ? ሰው ነው የምትበላው ስትሉ አልነበር?» አለቻት።

ሳቁ ቀጥ አለ። እኔ ብቻ ሳቄ አምልጦኝ አፌን በደብተሬ ሸፈንኩ።

እናቴ የመጀመሪያውን ስኳር ስታይ አማተበች። ማን እንደረዳኝ ስነግራት ግን በሩን እንድዘጋ ጠቆመችኝ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን የምጽፈው ላማት አይደለም። በዚያው ወር የማርያም ጽዋ ማኅበር የእኛ ተራ ነበር፤ እግሯ በጀሶ እንዳለ እንኳ ተራዬን አላሳልፍም ብላ ነበር። ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«ለማንም እንዳትናገሪ። ማኅበርተኞቹ ከሰሙ ጽዋዬን የሚቀምስልኝ አይኖርም።»

ጠላው የሚጠመቅበት ጋን የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አላነሳነውም።

መምህሩ በዚያ ዓመት ከክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ጠዋት እኛን አማርኛ ያስተምራል፣ ከሰዓት ደግሞ በመሠረተ ትምህርት እናቶችን ፊደል ያስቆጥራል። በመካከሉ እንደማንኛችንም ከሰልፉ ይቆማል፤ እናቱ ያኔ አገር ቤት ነበሩ፣ የእኛን ሰልፍ አይተውት አያውቁም። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ጠራኝና፣ ከገንቦዋ አጠገብ የምትቆሚው አንቺ ነሽ፣ ያች ገንቦ የማን ናት፣ ማንስ ነው የሚገፋት፣ ዞር ባልኩ ቁጥር ተራምዳ አገኛታለሁ አለኝ። በክፉ አልነበረም፤ ከልቡ ገርሞት ነው። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ነገር ግን የእናቴ ጽዋ ትዝ አለኝ።

«የማንም አይደለችም ቲቸር» አልኩት። «ራሷ ናት የምትሄደው።»

ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወና ቃሌን ለራሱ ደገመው፤ እያሰበ ሄደ።

ክረምቱ ሳይመለስ አንድ ቀን ከደብተሩ አነበበልን። ገንቦዋ፣ እግሯ፣ የታመመችው ሴት፣ ሁሉም አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ወንዙን ተሻግሬ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ሮጥኩ። ጓሮዋ ውስጥ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ ስትረግጥ አገኘኋት። ተረቷን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እግር ካወጣችማ እስከ ገበያ ድረስ ራሷ ትሂድልኝ፤ ጀርባዬ አልቋል» አለች።

ተመልሳ መርገጧን ቀጠለች። ወደ እኔ ሳታይ፣

«እኔስ የለሁበትም?» አለችኝ።

«የሉበትም እትዬ።»

ለምን እንደሌለች አልነገርኳትም። የገባት ይመስለኛል። «ይሁን፤ እኔ ካለሁበት ልጆቹ ይፈራሉ» አለችና ጭቃውን አገላበጠች።

የእናቴ ጀሶ ተፈታ፤ ወረፋውንም ራሷ ያዘች። አንድ ቀን ከሰልፉ ወደ ኋላ ዞር ብላ፣ ሰው እያየ፣ ለሸክላ ሠሪዋ ጎንበስ ብላ እጅ ስትነሳ አይቻለሁ። ከዚያ በላይ አልደፈረችም። እኔ ያንን ያህል እንኳ አልሞከርኩም። መምህሩ ሦስት ዓመት አስተምሮኛል፤ በየቀኑ ልነግረው እችል ነበር። በኋላ እሱ ተዛወረ፣ እኔም ከአገር ወጣሁ፤ ማረፉንም የሰማሁት እዚህ ሆኜ ነው።

ፊልሙን የምትሠራው የመምህሩ ልጅ ናት። ቁራጩን ባየሁ ማግስት ይህንኑ ሁሉ ጻፍኩላት። በትሕትና መለሰችልኝ፤ ገና በልጅነቷ አባቷ ገንቦ ሲያይ እናቱን ያነሳ እንደነበር፣ አያቷም ተረት አዋቂ እንደነበሩ ነገረችኝ። እንዲህም አለች፦ «አላምንዎትም ማለቴ አይደለም እማማ። ግን የአንድ ሰው ቃል ይዤ ፊልሙን መለወጥ ይከብደኛል። ሌላ ያየ ሰው ከተገኘ ሴትዮዋን አስገባታለሁ። ሥራው የሚያልቀው ለፋሲካ ነው።» አልተቀየምኳትም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ እል ነበር። አያቷ ይውጡ አላልኩም፤ ተረት ማፍቀርን ያስተማሩት እሳቸው ይሆናሉ። ለአንዲት ሴት ደግሞ ከጎናቸው ቦታ አይጠፋም።

ለንስሐ አባቴ ደውዬ ነገርኳቸው። አዳመጡኝና፣ «ሐሰቱን የተናገርሽው ለሰው ነው፤ እውነቱን ግን እስካሁን ለልጅቷና ለእኔ ብቻ ነው የነገርሽው» አሉኝ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚህ ነው። የሸክላ ሠሪዋን ስም ያልጻፍኩት ልጆቿን ሳላስፈቅድ ማውጣት ስለማይገባኝ ነው፤ ያሉበትን የምታውቁ ብትኖሩ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

በዚያ ሰልፍ ቆማችሁ የነበራችሁ እናቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚያች ገንቦ የሳቃችሁም፣ ራቅ ብላችሁ የቆማችሁም፣ ድንጋዬን ቦይ ውስጥ የጨመራችሁም ብትሆኑ አልቀየምም፤ እኔ ከድንጋይ የከበደ ነገር ጥያለሁ። ስለ ሌላው ሰው ወሬ አትጻፉ። ጾሙ ሳይፈታ፣ ፊልሙም ሳያልቅ ለመምህሩ ልጅ ያያችሁትን ብቻ ላኩላት። ገንቦዋ ራሷ አልሄደችም፣ ከቀሚስ ሥር ጭቃ የደረቀበት እግር ነበር፣ እኛም አይተነዋል በሏት።