የሸሪፋ ቤዛ

በሰፈራችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር፤ «መጣ!» ብሎ የሚያጨበጭብና ሮጦ ሬዲዮውን የሚነቅል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ካውያዬ በከሰል፣ መኪናዬ በእግር ስለሚሠራ በሁለቱም እስቅ ነበር። ሳቄን ያስተወችኝ ጎረቤቴ ሸሪፋ ሙሀመድየሱፍ ናት።

ሱቃችን ከባሕር ዳር ገበያ ወደ ጣና በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። በወዲህ በኩል እኔ ሱሪ ስጠግን፣ በወዲያ በኩል እሷ ሬዲዮ ትጠግናለች። ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው። እሱ ሲሞት ሱቁ ይዘጋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ለቅሶው እንዳበቃ በሩን ከፍታ ተቀመጠች። ሴት ልጅ ሬዲዮ ፈትታ አትገጥምም ሲሉ የነበሩትን በስም አውቃቸዋለሁ። ሁሉም ኋላ ሬዲዮአቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጥተዋል።

የአባቷ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ከመደርደሪያው ላይ ቀኑን ሙሉ ሲናገር ይውላል። ጧት ቁርኣን፣ ከሰዓት በኋላ የሱዳን ዘፈን። ሸሪፋ ሥራ ሲጠናባት ቀና ብላ ታየዋለች፤ አባቷን የምታማክረው ይመስለኝ ነበር። በግድግዳው ስለሚሰማኝ የእኔም ሬዲዮ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ መለዋወጫ ማግኘት መከራ ነበር። መብራቱ ደግሞ አመለኛ ነው። መብረቅ ሲጥል ወይም ትልልቅ ሞተሮች በድንገት ሲቆሙ ከልኩ በላይ ሆኖ ይመጣና የዕቃውን ሆድ ዕቃ አቃጥሎ ያርፋል። ሸሪፋ ትጠግናለች፣ መብራቱ ያቃጥላል፤ እንደገና ትጠግናለች። ሌላው ሠራተኛ ገበያ አገኘሁ ብሎ ዝም ይል ነበር። እሷ ግን ትናደዳለች። «እኔ የምጠግነው መብራቱ እንዲበላው ነው እንዴ፣ ጋሼ?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ከተጣለ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ ጥቂት ጠፍጣፋ ነገሮች ነቅላ መጣች። ሁለት የሽቦ እግር ያላቸው፣ ክብ፣ የኮት ቁልፍ የሚያህሉ ናቸው። ስማቸው ቫሪስተር ነው አለች። አንዷን በአባቷ ሬዲዮ ውስጥ ሞከረቻት፤ ስታምንባት ለደንበኞቿ መግጠም ጀመረች። በዚያው ሰሞን በሐይቁ ዳር ካሉት አድባራት በአንዱ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ሬዲዮአቸውን ሊወስዱ መጡ።

«ይችን ደግሞ ለምን ከተትሽብኝ፣ ልጄ?» አሉ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው።

«መብራቱ በልኩ ሲመጣ እንደሌለች ናት፣ መሪጌታ። ከልኩ ሲያልፍ ግን በራሷ በኩል መንገድ ትከፍትለትና ትርፉን እሷ ትውጠዋለች። በጣም ሲበዛባት ትሞታለች። ስትሞት ፊውዙ ይበጠሳል፤ ሬዲዮው ዝም ይላል እንጂ አይቃጠልብዎም።»

«ስለ ሌላው የምትሞት ከሆነችማ ስሟ ቤዛ ነው! ምን በፈረንጅ አፍ ታስጨንቂኛለሽ?»

ስሙ በዚያው ጸና። ከቆላ ድባ በጀልባ የመጣ ነጋዴ ሳይቀር «ቤዛ አስገቢልኝ» ይላት ጀመር። እሷም ለደንበኛዋ ሬዲዮውን ስታስረክብ «ቤዛን አስገብቻታለሁ፣ አታስቡ» ትላለች። ቃሉ ጣጣ ያመጣል ብሎ ማን አሰበ!

የቀበሌያችን የድምፅ ማጉያም ሲቃጠል የከረመ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ አስናቀ አደራ ብሎ ሰጣት፤ ጠግና፣ ለእሱም እንደ ሌላው ሰው ቤዛ ገጠመችለት። በእጇ የቀረችው የመጨረሻዋ ትርፍ ቤዛ ያች ነበረች።

በአንድ እሑድ ጧት አዳራሹ ሞልቶ፣ ጓድ አስናቀ ስለ ጠላት እየተናገረ ሳለ መብራቱ ሄደ። ሲመለስ አምፖሉ ቦግ ብሎ ዓይናችንን አጭበረበረው፤ ማጉያው ግን ጭጭ አለ። ይኼኔ አንዱ አብዮት ጠባቂ ጠጋ ብሎ፣ ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይች ሸሪፋ ‹ቤዛን አስገብቻታለሁ› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለው።

ጓድ አስናቀ ፊቱ ተለዋወጠ። «ቤዛ ማን ናት?»

በዚያን ጊዜ አሻጥር የምትባል ቃል ስንቱን ሰው በልታለች። በስብሰባ መካከል ስሙ የተነሣ ሰው ማታ የት እንደሚያድር አይታወቅም። ሸሪፋ ከኋላ ተነሣች።

«ሞታለች» አለች።

«ማን ገደላት?»

«መብራቱ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«ሬሳዋስ?»

«እርስዎ ፊት ነው ያለው፣ ማጉያው ውስጥ።»

አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ የኮቴን ኮሌታ ነክሼ ነው የቻልሁት። ያን ጊዜ ብንስቅ ዕዳው ለእሷ ነበር።

ካቻቢቴዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ማጉያውን ከፈተች፤ ጠቁራ የተሰነጠቀችውን ቤዛ አውጥታ በቀዩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አስቀመጠቻት። ለመሪጌታ የነገረችውን ለጓድ አስናቀም ነገረችው። አዳመጣት፤ ግን ጥርጣሬው አልለቀቀውም።

«ያለሷ አይናገርም?»

«ፊውዙ ከተቀየረ ይናገራል።»

አብዮት ጠባቂው ፊውዙን ሊጠቀልልበት የሲጋራ ፓኮውን ብርማ ወረቀት መቅደድ ጀምሮ ነበር። በልቤ «ቀይሪለትና ቤትሽ ግቢ፣ እባክሽ» እላለሁ። አንድ «ሀሎ፣ ሀሎ» ቢሰማ ከዚህ ሁሉ መከራ ትወጣ ነበር።

«ያለ ቤዛ አልሰካውም» አለች።

«እምቢ ማለትሽ ነው?»

«አደራ ብለው ሰጥተውኛል። እንዲህ ሰክቼው ብሄድ ነገ ይቃጠላል። ያን ጊዜ አሻጥር ቢሉኝ እውነትዎን ነው፤ እያወቅሁ አድርጌዋለሁና።»

ሰው እንዴት እንዲህ ይደፍራል! ዛሬም ሳስበው ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ይይዙኛል። ጓድ አስናቀ የጠቆረችውን ቤዛ አንሥቶ አገላበጣት። «ሌላ ቤዛ አለሽ?»

ካቻቢቴዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «አንዲት አለች።»

አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቦ ወደ ሱቋ ተከተላት፤ እኔም ከኋላ። ከመሳቢያ የምታወጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወንበር ላይ ወጥታ የአባቷን ሬዲዮ አወረደች። ቁርኣን እያሰማ ነበር። ነቀለችው፣ ጀርባውን ፈታች፣ ቤዛውን በመበየጃዋ አቅልጣ አወጣች። ገመዱን በሥርዓት ጠቅልላ ሬዲዮውን ወደ ቦታው መለሰችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

አዳራሹ ተመልሳ ቤዛውን ስትገጥምለት ማጉያው ተናገረ፤ ሸሪፋም ቤቷ ገባች። የአባቷ ሬዲዮ ግን ከዚያ ወዲህ አልተሰካም። ግድግዳው ዝም ሲልብኝ ጊዜ አንድ ቀን አላስችል አለኝና፣ «ለአፍታ ሰክተሽ ብናዳምጥ ምን ይለናል?» አልኋት።

«የአባቴን ሬዲዮ፣ ጋሼ?» አለች። እኔም ወደ ሱሪዬ ተመለስሁ።

ክረምት ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የመጣው ነጎድጓድ የመንገዳችንን ግማሽ ሬዲዮ ፈጀው። ዝናቡ ሳያባራ ጓድ አስናቀ ያለ ጠባቂ፣ ማጉያውን በካፖርቱ ሸፍኖ፣ ራሱ ተሸክሞ መጣ። እኔም እሷ ሱቅ ገብቼ ሳይ፣ ሸሪፋ ከፈተችው። ቤዛዋ ጠቁራለች፤ ሌላው ሁሉ ደኅና ነበር።

ጓድ አስናቀ ቀና ብሎ መደርደሪያው ላይ ገመዱ የተጠቀለለውን ሬዲዮ አየ።

«ከዚያ ያወጣሻት ናት?»

«አዎ። የአባቴ ናት።»

ነፍስ የሚባል ነገር የለም እያለ በየእሑዱ ሲያስተምረን የኖረው ሰው ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ። ለቤዛዋ ይሁን ለአባቷ አልጠየቅሁትም።

«ፊውዙን ልቀይርልዎ?» አለችው፤ ልትፈትነው እንደሆነ ገብቶኛል።

«የለም» አለ። «ሌላ ቤዛ እስክታገኚ በአፌ እናገራለሁ።»

በሚቀጥለው እሑድ ያለ ማጉያ ተናገረ። ከኋላ የተቀመጥነው ብዙውን አልሰማነውም።