ከማርስ ሜዳ ሥር የጠፋው ዓለት

ማርስን የምትዞር መንኮራኩር ከበድ ወዳለ መሬት ስትቃረብ ትሳባለች፤ ፍጥነቷ በጥቂቱ ይጨምራል። ለውጡ በምትልከው የሬዲዮ ምልክት ላይ ይታያል፤ እኛም ከዚያ ተነስተን ከመሬቱ ሥር ምን እንዳለ እናሰላለን። ከነቀምቴ ወደ አንገር ጉቲን ስሄድ መኪና ውስጥ ዓይኔን ብጨፍን እንኳ የመንገዱን ጉድጓድ ወገቤ ያውቀዋል፤ ሙያዬ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ፕሮፌሰሬ ስም ያተረፉት በዚሁ ሥራ ነው። በማርስ ሰሜን በኩል ካሉት ሜዳዎች በአንዱ ሥር ትልቅ ጥቅጥቅ ያለ ዓለት ተቀብሯል ብለው ከማንም ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሰጡኝ ሥራም የዚያን ዓለት ጥልቀት ማስላት ነበር። ታምሜ ስተኛ ሾርባ ይዘው ዶርም ድረስ የመጡ ሰው ናቸው።

ለእረፍት ነቀምቴ ገብቼ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለው የአባቴ ሱቅ ጓዳ ላፕቶፔን ከፍቻለሁ። መንኮራኩሯ እየተሽከረከሩ አቅጣጫዋን የሚጠብቁላት መዘውሮች አሏት። መዘውሮቹ ከልክ በላይ ሲፈጥኑ ትንሽ ጋዝ እፍ እየተደረገ እንዲረግቡ ይደረጋል፤ ያቺ እፍታ ታዲያ መንኮራኩሯንም ገፋ ታደርጋታለች። ፕሮፌሰሬ በሠሩበት ጊዜ እፍታዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እኔ ግን እልኸኛ ነኝና እያንዳንዷን ለብቻዋ አሰላኋት። ከአዲሱ ስሌት የወጣውን የስበት ካርታ ስከፍተው ዓለቱ የለም።

ደግሜ ደጋግሜ አሰላሁ፤ የለም! ለካ ጋዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀቀው መንኮራኩሯ በዚያው ሜዳ ላይ ስታልፍ ኖሯል። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመዝኑ የኖሩት ዓለት ሳይሆን እፍታ ነው። ብነግራቸው ልባቸውን መስበሬ ነው፤ ባልነግራቸው ደግሞ የሌለ ዓለት ጥልቀት አስልቼ ልመረቅ ነው።

ደወልኩ።

«ልጄ፣ አገር ሰላም?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መዘውሮቹ ናቸው?»

«አዎ ፕሮፌሰር።»

«ዓለቱ እንዳለ ጠፋ?»

«እንዳለ።»

«በይ ጻፊው» አሉ። «የኔ ስህተት መሆኑንም ሳትሸፋፍኚ ጻፊው።»

ይሄኔ አባቴ አንድ ደንበኛ ሸኝቶ ወደ ጓዳ ገባ። እኛ ቤት የአስተማሪ ስልክ አባቴ ሰላም ሳይል አይዘጋም፤ እንደ ልማዱ ከእጄ ነጠቀኝ።

«አካም ጂርቱ መምህር! ቤተሰብ ደህና? ልጃችን አታስቸግርዎትም?» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ብዙ አዳመጠ። «ገለቶማ... ገለቶማ፣ እናመሰግናለን መምህር። አይዞዎት» አለና ስልኩን ቀስ አድርጎ መለሰልኝ። ተዘግቷል።

«ምን አሉህ?»

«ጥሩ ልጅ አሳድገዋል አሉኝ።» ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። «ሰውየው እያለቀሱ ነው እኮ የሚያወሩት። ምን አድርገሻቸው ነው?»